ኮልትስ 3ኛውን ተራ ለምን ሸጠ? የ2018 የኤን.ኤፍ.ኤል ድራፍት የጉዳይ ጥናት

ማርች 17 ቀን 2018 ሁለት የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኖች ተራ ተለዋወጡ። ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ በዚያ ዓመት ድራፍት (አዳዲስ ተጫዋቾች በተራ የሚመረጡበት ሥነ ሥርዓት) የደረሰውን 3ኛ ተራ ለኒውዮርክ ጄትስ ለቀቀ። ጄትስ በምላሹ የራሱን 6ኛ ተራ ሰጠ። ከሁለተኛው ዙር ደግሞ 37ኛውንና 49ኛውን ጨመረ። በዚያ ላይ የ2019 የሁለተኛ ዙር ተራውን አከለበት። ድራፍቱ ገና ስድስት ሳምንት ገደማ ይቀረው ነበር።

ተራን ለቅቆ ወደታች ስለመውረድ በተወራ ቁጥር ይህ ጉዳይ ይነሳል። ብዙ ሰው «ኮልትስ ጄትስን ሸወደው» ብሎ ያልፈዋል። ለእኔ ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ውሉ ለኮልትስ ጥሩ ነበር፣ በዚህ እስማማለሁ። ጥሩ ያደረገው ግን የተገኙት ተራዎች ብዛት አይደለም። ኮልትስ ያኔ ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሱን እየወረወረ ማጥቃቱን የሚመራ ተጫዋች፣ ነበረው፤ ስሌቱ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ያ ሰው ሲሄድ ምን እንደተፈጠረ ወደኋላ ላይ እናያለን።

ፉትቦል የምለው በእጅ የሚወረወረውን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ነው። ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ተራው ራሱ ሀብት ነው

ኤን.ኤፍ.ኤል፣ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ 32 ቡድኖች አሉት። በየዓመቱ በጸደይ ወቅት ከኮሌጅ የሚወጡትን ተጫዋቾች በሰባት ዙር ይመርጣሉ። ባለፈው ዓመት በጣም የተሸነፈው ቡድን ቀድሞ ይመርጣል፣ ሻምፒዮኑ መጨረሻ ላይ ይቆማል። ተጫዋቹ «እዚያ አልሄድም፣ እዚህ ልሂድ» የማለት መብት የለውም። እንደ አውሮፓ እግር ኳስ ገንዘብ ያለው ክለብ መጥቶ አይወስደውም። ስለዚህ ተራው ራሱ እንደ ገንዘብ ይሠራል። ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ የሚቀጥለው ዓመት ተራ ሳይቀር ለዛሬ ዕቃ ይከፈላል።

ዋጋው እንዴት ይታወቃል? በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዳላስ ካውቦይስ አሠልጣኝ የነበረው ጂሚ ጆንሰንና ባልደረቦቹ ለእያንዳንዱ ተራ ነጥብ የሚሰጥ ሠንጠረዥ አዘጋጁ። 1ኛው ተራ 3,000 ነጥብ ነው፣ 3ኛው 2,200፣ 6ኛው 1,600፣ 37ኛው 530፣ 49ኛው 410። ሠንጠረዡ አርጅቷል፣ ቡድኖችም ዛሬ የየራሳቸው አላቸው። ሆኖም እስካሁን ድረስ የመነጋገሪያ መነሻ ሆኖ ያገለግላል።

በዚህ ሠንጠረዥ ሒሳቡን እንሥራ። ኮልትስ የሰጠው 2,200 ነው። የተቀበለው 1,600 ሲደመር 530 ሲደመር 410፣ ማለትም 2,540 ነው። የ340 ነጥብ ትርፍ አለው። ይህ ብቻውን በሁለተኛው ዙር መጨረሻ አካባቢ ያለ አንድ ተጫዋች ዋጋ ነው። የ2019ኙ ተራ ገና አልተቆጠረም። በአጭሩ ጄትስ ከገበያው በላይ ከፍሏል።

ሠንጠረዡ ራሱ ደግሞ የላይኞቹን ተራዎች ያስወድዳል የሚል ጠንካራ ክርክር አለ። ኬድ ማሲ እና በ2017 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሪቻርድ ታለር የድራፍት ውጤቶችን አጥንተው ነበር። ያገኙት ነገር ቡድኖች በራሳቸው ዓይን ከሚገባው በላይ እንደሚተማመኑ ነው። በአንድ የጨዋታ ቦታ ቀድሞ የተመረጠው ልጅ፣ ከእሱ ቀጥሎ በዚያው ቦታ ከተመረጠው የተሻለ ሆኖ የመገኘቱ ዕድል ከግማሽ እምብዛም አይበልጥም። ነገሩ እንዲህ ከሆነ አንዱን ልጅ «እሱ ነው» ብሎ ብዙ ከመክፈል፣ ብዙ ልጆችን መሞከር ይሻላል። ተራ ለቅቆ ወደታች የመውረድ ትምህርት ዋና ምሰሶው ይህ ነው።

ትምህርቱን አምናለሁ። ግን አንድ ቦታ ላይ ይሰነጠቃል፣ ያም ኳርተርባክ ላይ ነው።

ሻጩ ምን ይዞ ነበር?

ኮልትስ በ2017 አራት ጨዋታ አሸንፎ 12 ተሸነፈ። ዋናው ምክንያት ግልጽ ነው። በ2012 በ1ኛ ተራ የመጣው ኳርተርባክ አንድሩ ላክ በትከሻ ሕመም ምክንያት ዓመቱን ሙሉ አልተጫወተም። ላክ ጤነኛ በነበረባቸው ዓመታትም ቢሆን ፊቱ የሚቆሙለት ተጫዋቾች ደካሞች ነበሩ። በ2016 ብቻ 41 ጊዜ ኳሱን ሳይለቅ መሬት ላይ ተጥሏል። ይህን ሳክ ይሉታል። በ2017 ላክ በሌለበት ኮልትስ 56 ሳክ ገጠመው፣ ከሊጉ ሁሉ የከፋው ነበር።

ጄኔራል ማናጀሩ ክሪስ ባላርድ ሥራውን የጀመረው በጃንዋሪ 2017 ነው። የወረሰው ቡድን አንድ ታላቅና የታመመ ኳርተርባክ፣ እሱን መጠበቅ የማይችል የፊት መስመር፣ በየቦታው የሳሳ ስብስብ ነበር። አንድ ልጅ ብቻ ይህን ሁሉ አይጠግንም። ብዙ ልጆች ያስፈልጉታል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በማርች 2018 ላክ ገና በትክክለኛው ኳስ መወርወር አልጀመረም። ትከሻው ይመለስ አይመለስ ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም ነበር። በዚያ ዓመት ደግሞ ድራፍቱ በኳርተርባክ የተሞላ ነበር። ቤከር ሜይፊልድ፣ ሳም ዳርኖልድ፣ ጆሽ አለን፣ ጆሽ ሮዘን፣ ላማር ጃክሰን ሁሉም ነበሩ። 3ኛ ተራ ላይ የቆመ ቡድን ከእነዚህ ለመጠባበቂያ አንዱን መውሰድ ይችላል። ባላርድ ተራውን ሲሸጥ «እኔ ኳርተርባክ አለኝ» ብሎ በአደባባይ መወሰኑ ነበር። ይህ ድፍረት ነው፣ ሰዎች ስለ ነጥብ ትርፍ ሲያወሩ ይረሱታል።

ገዢውስ ለምን ቸኮለ?

ጄትስ ለዓመታት ኳርተርባክ ሲፈልግ የኖረ ቡድን ነው። በዚያው ሳምንት ከዋሽንግተን የለቀቀው ከርክ ከዝንስ ወደ ሚኒሶታ ሄደ። ጄትስም ይፈልገው ነበር። የቀረው መንገድ ድራፍቱ ነው። በ6ኛ ተራ ላይ ግን የፈለጉት ልጅ ይደርሳቸዋል ማለት አይቻልም። ዴንቨር፣ ባፋሎና አሪዞናም ኳርተርባክ ፈላጊዎች ነበሩ።

ስለዚህ የጄትሱ ጄኔራል ማናጀር ማይክ ማካግናን ከሁሉም ቀድሞ ገባ። 3ኛ ተራ ላይ መቆም ማለት ከዝርዝሩ ቢያንስ ሦስተኛውን ኳርተርባክ በእርግጠኝነት ማግኘት ማለት ነው። እስከ ድራፍቱ ምሽት ቢቆይ ዋጋው ሊንር ወይም ሌላ ቡድን ሊቀድመው ይችላል። ከ37ኛውና 49ኛው አንዱ፣ 49ኛው፣ ሼልደን ሪቻርድሰንን ለሲያትል ሰጥቶ ያገኘው ነበር። በእጁ ሁለት የሁለተኛ ዙር ተራ ስለነበረው ሁለቱንም መክፈል ቻለ። ሰውየውን እንደ ሞኝ የሚያዩት አሉ፣ እኔ ግን አልስማማም። ኳርተርባክ የሌለው ቡድን ለኳርተርባክ ሲል ይከፍላል። ስህተቱ መክፈሉ አይደለም። የልጁን ምርጫና ከዚያ በኋላ የተደረገለትን አያያዝ ነው መጠየቅ ያለብን።

የባላርድ ስሌት

ወደታች ሲወርዱ ዋናው ጥያቄ «ስንት ተራ አገኘሁ?» አይደለም። «የምፈልገው ሰው እዚያ ድረስ ይቆየኛል ወይ?» ነው። ባላርድ ኳርተርባክ አይፈልግም። ከ6ኛው በፊት አምስት ልጆች ይሄዳሉ። ክሊቭላንድ ኳርተርባክ መውሰዱ የማይቀር ነበር። ጄትስም ለዚሁ ብሎ ነው የገዛው። ስለዚህ ከአምስቱ ቢያንስ ሁለቱ ባላርድ የማይፈልጋቸው ሰዎች ናቸው። 6ኛ ተራ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ከኳርተርባክ ውጭ ካሉት ከአራቱ ምርጦች አንዱ እንደሚደርሰው ያውቃል። ሦስት ቦታ ወረደ ይባላል እንጂ በራሱ ዝርዝር ላይ የወረደው ከዚያ ያነሰ ነው።

ኤፕሪል 26 ምሽት በአርሊንግተን ቴክሳስ የሆነው ልክ ይህ ነበር። ክሊቭላንድ ሜይፊልድን፣ የኒውዮርክ ጃይንትስ ሴኩዋን ባርክሊን፣ ጄትስ ዳርኖልድን ወሰደ። ክሊቭላንድ በ4ኛ ዴንዘል ዋርድን፣ ዴንቨር በ5ኛ ብራድሊ ቸብን ጠራ። 6ኛው ላይ የኖተርዳም ዩኒቨርሲቲው ኩዌንተን ኔልሰን ቀረ። ኮልትስ እሱን ወሰደ።

ኔልሰን ጋርድ ነው። ጋርድ ከፊት መስመር መካከለኛ ቦታ ላይ ቆሞ የሚገፋ፣ ኳስ ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። በዚህ ቦታ የሚጫወት ልጅ በ6ኛ ተራ መመረጡ ብርቅ ነው። አንዳንዶች ውድ ዋጋ ነው ብለው ነበር። ነገር ግን ተራ ሸጠህ ሌሎች ተራዎች በኪስህ ካሉ፣ ለቦታው ሳትጨነቅ የምታምንበትን ልጅ መውሰድ ትችላለህ።

በማግስቱ 36ኛው ላይ ኮልትስ ዳሪየስ ሌናርድን ወሰደ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ነገር አለ። ሌናርድን ከጄትስ ጋር ከተደረገው ንግድ የተገኘ አድርገው ይቆጥሩታል። አይደለም፣ 36ኛው የኮልትስ የራሱ ተራ ነበር። ከጄትስ የመጣው ቀጥሎ ያለው 37ኛው ነው፤ በእሱም ከኦበርን ዩኒቨርሲቲ ብሬደን ስሚዝ መጣ። ይሁንና እኔ እንደማየው ሁለቱ አይነጣጠሉም። ሌናርድ ከሳውዝ ካሮላይና ስቴት፣ ከትንሽ ትምህርት ቤት የመጣ ላይንባከር (ከፊት መስመሩ ኋላ የሚቆም ተከላካይ) ነው። ተከታትለው ሁለት ተራ ሲኖሩህ በአንዱ ደፍረህ ብዙዎች የማያውቁትን ልጅ ትወስዳለህ፣ በሌላው የፊት መስመርህን ትሞላለህ።

49ኛውን ባላርድ እንደገና ሸጠው። ለፊላደልፊያ ሰጥቶ 52ኛውንና 169ኛውን ተቀበለ። ፊላደልፊያ በ49ኛው ዳላስ ጎደርትን ወሰደ፣ ለዓመታት ጠንካራ ታይት ኤንድ (የሚገፋም ኳስ የሚቀበልም ተጫዋች) ሆነለት። ኮልትስ በ52ኛው ያገኘው ከሞኮ ቱሬ ጉዳት በዛበትና ከአራት ዓመት በኋላ ሄደ። በ169ኛው የመጣው ሯጭ ጆርዳን ዊልኪንስም ከተጠባባቂነት አላለፈም። ይህኛው መውረድ አልሰመረም። ወደታች መውረድ ሁልጊዜ ያተርፋል ለሚሉ ሰዎች መልሱ እዚሁ ጉዳይ ውስጥ አለ።

የታየው ለውጥ

2018 ሲጀመር ኮልትስ ከስድስት ጨዋታ አንዱን ብቻ አሸነፈ። ከዚያ ከቀሩት አሥር ዘጠኙን አሸንፎ ዓመቱን 10 ለ 6 (10 አሸንፎ፣ 6 ተሸንፎ) ጨረሰ። በፕሌይኦፍ፣ በጥሎ ማለፉ ውድድር፣ ሂዩስተንን 21 ለ 7 አሸንፎ በካንሳስ ሲቲ 31 ለ 13 ተሸነፈ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ አንድ ቁጥር ነው። 56 ሳክ የገጠመው ቡድን በቀጣዩ ዓመት 18 ብቻ ገጠመው። ከሊጉ መጨረሻ ወደ ሊጉ አንደኛ። ኔልሰን በግራ ጋርድ፣ ስሚዝ በቀኝ ታክል (በመስመሩ ዳር) ቆመዋል፣ ሁለቱም ጀማሪዎች፣ ሁለቱም በዚያ ንግድ የመጡ። ላክ 39 ተችዳውን (ነጥብ የሚያስገኝ ኳስ) ወረወረና የዓመቱ ምርጥ ተመላሽ ተጫዋች ተባለ። በእርግጥ ሁሉንም ለሁለት ልጆች መስጠት ልክ አይሆንም። አዲሱ አሠልጣኝ ፍራንክ ራይክ ኳሱ ቶሎ ከእጅ እንዲወጣ አድርጎ ጨዋታውን ቀይሮታል። ቢሆንም ያለ ኔልሰን ያ መስመር አይታሰብም።

ኔልሰንና ሌናርድ በዚያ ዓመት ሁለቱም በኦል-ፕሮ፣ ማለትም በሊጉ የዓመቱ ምርጦች ዝርዝር፣ የመጀመሪያው ቡድን ገቡ። የአንድ ቡድን ሁለት ጀማሪዎች ይህን ሲያደርጉ ከ1965ቱ የቺካጎ ቤርስ ጌል ሴየርስና ዲክ በትከስ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

የ2019ኙ ተራ ላይ ደግሞ ሰዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። የሌላውን ቡድን የወደፊት ተራ ስትገዛ በዚያ ቡድን ሽንፈት ላይ ነው የምትወራረደው። ጄትስ 2018ን 4 ለ 12 ስለጨረሰ ተራው 34ኛ ሆኖ መጣ። ከአንደኛው ዙር በሁለት ቦታ ብቻ የራቀ ነው። ጀማሪ ኳርተርባክ ይዞ የሚገባ ቡድን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይሸነፋል፣ ባላርድ ይህን ሳያሰላ አልቀረም እላለሁ። በተራው ኮርነርባኩን (ኳስ ተቀባዮችን የሚከላከለውን) ሮክ ያ-ሲንን ወሰደ። መካከለኛ ተጫዋች ነበር፣ በ2022 በያኒክ ንጋኩዌ ተለወጠ።

በዚያው በ2019 ድራፍት ባላርድ ዘዴውን ደገመው። 26ኛውን ለዋሽንግተን ሰጥቶ 46ኛውንና የ2020ን የሁለተኛ ዙር ተራ ተቀበለ። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ አንባቢዎች ሞንቴዝ ስዌት ወደ ቡድናችሁ የመጣበትን ምሽት ታስታውሱ ይሆናል፣ እሱ ነው። ዋሽንግተን በዚያ ዓመት ክፉኛ ስለተሸነፈ የ2020ው ተራ እንደገና 34ኛ ሆነ። ኮልትስም ማይክል ፒትማንን አገኘበት።

ኦገስት 24 ቀን 2019

በዚያ ቅዳሜ ምሽት አንድሩ ላክ ጫማውን ሰቀለ። ዕድሜው 29 ነበር። ጉዳት፣ ሕክምና፣ እንደገና ጉዳት አድክሞት ነበር። ውሳኔው ከሚገባው በላይ ተወቅሶበታል። ስታዲየም ውስጥ የነበሩ ደጋፊዎች ጮኸውበታል። እኔ ዛሬም ድረስ ሳስበው ያሳዝነኛል። ያ ሰውነት ለዓመታት ተደብድቦ ነው እንዲያ የሆነው፣ እነ ኔልሰን የመጡት ዘግይተው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉዳዩ ሌላ መልክ ያዘ። ከ2019 እስከ 2023 ኮልትስ የመጀመሪያ ጨዋታውን በየዓመቱ በአዲስ ኳርተርባክ ጀመረ። በ2019 ጃኮቢ ብሪሴት፣ በ2020 ፊሊፕ ሪቨርስ፣ በ2021 ካርሰን ዌንትዝ፣ በ2022 ማት ራያን፣ በ2023 አንቶኒ ሪቻርድሰን። ዌንትዝን ለማምጣት የሦስተኛ ዙርና በኋላ የአንደኛ ዙር የሆነ ተራ ለፊላደልፊያ ከፈለ። ለራያን ሌላ የሦስተኛ ዙር ተራ ከፈለ። በዘዴ ወርዶ ወርዶ ያጠራቀመው ሀብት ኳርተርባክ ፍለጋ ላይ ፈሰሰ። ጥሩ መስመር፣ ጥሩ ላይንባከር፣ ጥሩ ተቀባይ ኖሮት መካከል ላይ ያለው ሰው ግን ጠፋ።

ታዲያ በ2018 ኳርተርባክ ቢወስድ አይሻልም ነበር ወይ? ኔልሰን 6ኛ በተጠራ ማግስት አይደለም፣ ወዲያው በደቂቃዎች ውስጥ ባፋሎ በ7ኛው ጆሽ አለንን ወሰደ። ላማር ጃክሰን እስከ 32ኛው ቆይቶ ባልቲሞር አገኘው። ሁለቱም በኋላ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብለዋል። ይህን እያነሱ ባላርድን የሚወቅሱ አሉ። ፍርዱ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ያኔ የሚያውቀውን እንጂ በኋላ የሆነውን ይዘን ልንፈርድበት አንችልም። የ28 ዓመት ኳርተርባክ የነበረው፣ ያም ኳርተርባክ ተመልሶ 39 ተችዳውን የወረወረለት ሰው ተሳሳተ ማለት ይከብዳል።

ጄትስ በበኩሉ ዳርኖልድን ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ልጅ ሳለ ሜዳ ላይ አሰለፈው። ዙሪያውን የሚጠብቀው፣ ኳሱን የሚቀበለው ሰው አልተገዛለትም። የሚገዛበት ተራ እኮ ለኮልትስ ተከፍሏል። ማካግናን በሜይ 2019 ተባረረ። ጄትስ 2020ን 2 ለ 14 ጨረሰና በ2021 ዳርኖልድን ወደ ካሮላይና ሰደደው። በምትኩም የሁለተኛ፣ የአራተኛና የስድስተኛ ዙር ተራዎች አገኘ። ከዚያ በ2024 ያው ልጅ በሚኒሶታ ማሊያ 14 ጨዋታ አሸነፈ። ችሎታው እንዳልጠፋ ታየ። ወደላይ ለመውጣት የሚከፈለው ዋጋ የተራ ነጥብ ብቻ አይደለም፣ የመጣውን ልጅ የሚደግፉትን ሰዎች ጭምር ነው።

ያው ሰው፣ ሌላ ውሳኔ

በ2022 ኮልትስ 4 አሸንፎ 12 ተሸንፎ አንድ አቻ ወጣ። ለ2023 ድራፍት 4ኛው ተራ ደረሰው። ባላርድ ከ2018ቱ ጋር የሚመሳሰል ቦታ ላይ እንደገና ቆመ። ወደታች የመውረድ ዝንባሌው ለሁሉም ይታወቃል። በዚህ ጊዜ ግን ተራውን አልሸጠም። አንቶኒ ሪቻርድሰንን ወሰደ። ኳርተርባክ አልነበረውማ።

ሪቻርድሰን በመጀመሪያው ዓመት ተጎድቶ አራት ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። በ2024 መሃል ላይ ለጊዜው ተቀምጦ ጆ ፍላኮ ተተካ። በ2025 የመጀመሪያው ኳርተርባክ ዳንኤል ጆንስ ሆነ። ውጤቱ አልሰመረም። እኔ ግን የ2023ቱ ውሳኔ ከ2018ቱ ጋር ይጣረሳል ብዬ አላምንም። ሁለቱም ጊዜ ባላርድ በመጀመሪያ የጠየቀው በእጁ ማን እንዳለ ነው።